ክሪክ ላይ የተቀመጠ ጠመንጃ

እኔ ዶሮ የሚታረድ ቀን ከቤት የምወጣ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የማወራችሁ ነገር ስለ ጠመንጃ ስለሆነ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከየት የመጣ ጀግና ነው» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ ነው። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ቤታችን የገባውን አይጥ የያዘችው ባለቤቴ አልማዝ ናት። የእኔ ድርሻ ወንበር ላይ ቆሞ አቅጣጫ መጠቆም ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ዛሬ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ፣ ከፎቅ ላይ ባለች አፓርታማው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠመንጃ ቆልፎ የሚያድረው።

ጥፋቱ የግርማ ነው። ግርማ ከሱዳን ጀምሮ አብሮኝ ያለ ጓደኛዬ ነው። ካርቱም አንድ ፍራሽ ተካፍለን ተኝተናል፤ እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ እራገጣለሁ፣ ስለዚህ ማንም ባለዕዳ አልነበረም። ቶሮንቶ ስንገባ እሱ ኢስት ዮርክ ተከራየ፣ እኔ ኤርፖርት አካባቢ ዌርሃውስ ሥራ ስላገኘሁ ሬክስዴል ቀረሁ። ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል። ቤቲ የምትባል፣ እኔን ጋሼ የምትለኝ አንዲት ልጅ አለችው፤ ኦሻዋ በምትባል ከተማ ነርስ ናት። እሱ ዕድሜውን የትምህርት ቤት ባስ ሲነዳ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት «ወገቤን አሞኛል» ብሎ በድንገት ሥራውን ለቀቀ። ያ ወገቡን ያመመው ሰው በሳምንቱ እኔ ቤት መጥቶ ሶፋ ብቻውን አንስቶ አዞረልኝ። ይህኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እኔ ግን ሶፋው በመዞሩ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ ውጪው በረዶ ሆኖ ቤት ተዘግተን ሳለ፣ ግርማ ቴሌቪዥኔን ከስልኩ ጋር አገናኘና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። በዕድሜ የገፉ፣ ቦርጫም ቦርጫም ፈረንጆች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። አይንቀሳቀሱም።

«ምንድን ናቸው?» አልኩት።

«ስፖርተኞች ናቸው።»

«ስፖርቱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ተጀምሯል እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊት ማቆሚያ፣ ከኋላ ከረጢት ይደረግለታል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ደልደል ብሎ በጠመንጃው መነጽር ያይና ቃታ ይስባል። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ላብ የለም። አሸናፊው አምስት ጥይቶችን በአንድ ቀዳዳ ለማሳለፍ ከሁሉም የቀረበው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ስፖርት ያየሁት ያን ቀን ነው። ጠመንጃው ባይኖርበት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

«እንሞክረው» አለ ግርማ።

«አንተ ሰው፣ እኛ ጠመንጃ ሸሽተን አይደል እንዴ ከአገር የወጣነው?»

«ያኛው ሰው ላይ ነበር» አለኝ። «ይሄ ወረቀት ላይ ነው።»

እዚህ አገር ጠመንጃ ለመያዝ መጀመሪያ የጥንቃቄ ትምህርት መማር፣ ከዚያ መፈተን፣ ከዚያ ላይሰንስ መጠየቅ አለባችሁ። ግርማ «ብቻዬን ይደብረኛል፣ አብረኸኝ ተማር» አለኝና ተመዘገብን። ቅዳሜና እሑዱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ዋልን። እኔ አስተማሪው ጥይት የሌለውን ጠመንጃ በእጄ ባስቀመጠ ቁጥር እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፌው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። አስተማሪው «ሰር፣ መተንፈስ ይፈቀዳል» አለኝ። ግርማ ግን እጁ የለመደ ይመስል ከፍቶ፣ አይቶ፣ ዘግቶ ያስቀምጣል። የክፍሉ ሰው ሁሉ ያደነቀው እሱን ነው።

የጽሑፍ ፈተናው መጣ። እኔ ከፍርሃቴ የተነሳ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ስደግም የከረምኩ ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ጨረስኩ። ቀና ብዬ ሳይ ግርማ ወረቀቱን አንዴ ያቀርባል፣ አንዴ ያርቃል፣ አንዴ ወደ ጎን ያዘነብለዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ግማሹን ባዶ መለሰ። እኔ ፈሪው በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ ጀግናው ወደቀ።

ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ገብተን ሞተሩን አስነሳሁና አበሽቀው ጀመር። «እኔስ ይሁን፣ አንተ ዕድሜህን ባስ ስትነዳ የመንገድ ሳይን የምታነብ ሰው...» ስል «አጥፋው» አለኝ። ሬዲዮኑን መስሎኝ አጠፋሁ። «ሞተሩን» አለ። ሞተሩንም አጠፋሁ።

«ወገቤን አይደለም» አለኝ። «ዓይኔን ነው።»

ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ ዞረ። «አሁን በግራው ሳይህ ጆሮህ አለ፣ ትከሻህ አለ፣ ከኋላህ መስኮቱ አለ። ፊትህ የለም። ዳር ዳሩን ትቶ መሃሉን ነው የሚበላው።»

«ፊቴ እንኳ ብዙም አልቀረብህም» አልኩት። ምን ልበል? ሰው ሲደነግጥ አፉ ያገኘውን ነው የሚወረውረው። ሳቀልኝ። ከዚያ ቀኙ ገና ደህና እንደሆነ፣ ትልቁን ነገር በእሱ እንደሚያይ፣ ትንንሽ ፊደል ግን መጣመም እንደጀመረበት ነገረኝ። የዓይን ዶክተሯ እሱም ያንኑ መንገድ ጀምሯል ብላዋለች። ልጆች ጭኖ መንዳት ፈርቶ ነው ሥራውን የለቀቀው።

«ቤቲ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተም አትነግራትም። ካወቀች ሥራዋን ትታ እኔን ልትጠብቅ ነው።»

«ታዲያ ጠመንጃው ምን ያደርግልሃል?»

«የጠመንጃው መነጽር ያጎላል» አለ ግርማ። «ቀኙ ሳይሄድብኝ አንድ ነገር ጥርት አድርጌ አይቼ፣ ያየሁትን መምታት እፈልጋለሁ። በቃ ሌላ ነገር የለውም።»

ሕጉ ላይሰንስ ያለው ሰው አጠገቡ ካለ ላይሰንስ የሌለው ሰው እንዲተኩስ ይፈቅዳል። ከእኛ መካከል ያለፈው ደግሞ እኔ ነኝ። እናንተዬ፣ እግዚአብሔር ሲቀልድ እንዲህ ነው፤ የዶሮ ደም የሚያዞረውን ሰው ባለ ጠመንጃ ያደርገዋል።

ላይሰንስ ስትጠይቁ ሚስት ትፈርም ይላል። ወረቀቱን አልማዝ ፊት ሳደርገው መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና «በስተርጅና ሽፍታ ልትሆን ነው?» አለችኝ። «ስፖርት ነው» አልኩ። «ስፖርት ከፈለግህ ከታች ደረጃ አለ፣ ውጣ ውረድ።» ለሦስት ቀን አልፈረመችም። በአራተኛው የግርማን ነገር ነገርኳት። ያኔ ድስት እያማሰለች ነበር። እሳቱን ቀነሰች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ፈረመችና ወደ ድስቷ ተመለሰች። ምሳ ስታቀርብ ብቻ ዓይኗ ቀልቶ አየሁ፤ ሽንኩርት ግን ያን ቀን አልከተፈችም።

ቆይቶ ከላይሰንስ ቢሮ አንዲት ሴት ኮል አድርጋ አልማዝን ጠየቀቻት። ስፒከር ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ። «ባለቤትዎ ጠመንጃ ቢኖረው ለደኅንነትዎ ይሰጋሉ?» አልማዝም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ለእኔ አልሰጋም። ለእሱ ነው የምሰጋው» ብላ መለሰች። ሴትየዋ ሳቋን ስትውጥ ተሰማን። ላይሰንሱ መጣ።

አሁን ደግሞ ድህነት ገባ። ይህ ስፖርት የሀብታም ጡረተኛ ስፖርት ነው። ከተመዘገብንበት የተኩስ ክለብ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ጠመንጃውን ከእነ መነጽሩ በርካሽ ሸጠልን፤ ጥይቱ ትንሽ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል ናት። የቀረውን ዕቃ ግን ዋጋውን አይተን እንደ ቅዱስ ሥዕል ተሳልመን ተመለስን። ማቆሚያው ብቻ ከጠመንጃው ይበልጣል!

ግርማ «ይሄ ማቆሚያ የሚሉት ምን ያደርጋል? ከፍ ዝቅ ነው የሚያደርገው። የመኪና ክሪክስ ምን ያደርጋል?» አለ። የእኔ ኮሮላ ክሪክ ወጣ። አናቱ ላይ ጣውላ መታንበት፣ በጣውላው ላይ የአሮጌ ጃኬት ቆዳ ወጠርን። ለኋላ ከረጢት የጂንስ ሱሪዬን አንድ እግር ቆርጬ ሰፋሁት። አሸዋ ብንሞላበት በስፌቱ እየፈሰሰ አስቸገረን። እኔ ብልሁ ምን አደረግሁ? የአልማዝን የጾም ምስር ገልብጬ ሞላሁበት። አንድ ቀን ዝናብ መታውና መኪናው ኋላ ረሳሁት። በሳምንቱ ስከፍተው ሱሪዬ በቅሏል። በስፌቱ በኩል አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። አልማዝ አይታ «እንግዲህ ውሃ አጠጣው» አለችኝና እስከ ዛሬ ድረስ በእንግዳ ፊት ታነሳዋለች።

መጀመሪያ ልንተኩስ ወደ ክለቡ የሄድን ቀን ደግሞ ሀይዌይ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ስኮርታ አለን። ክሪክም አለን፤ ችግሩ፣ ክሪኩ አሁን የቤት ዕቃ ሆኗል። በዚያ ሁሉ ከባድ መኪና ጩኸት መካከል መንገድ ዳር ተንበርክከን ጣውላውን በሚስማር መንቀያ ስንገነጥል አንድ ተጎታች መኪና የሚነዳ ሰው ቆመልን። ቆዳ የለበሰውን ክሪክ አየና «ወንበር ነው?» አለን። «የጠመንጃ ነው» አለ ግርማ። ሰውየው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ በራሱ ክሪክ ጎማችንን ቀይሮ ፈጥኖ ሄደ።

ክለቡ ከከተማው በስተሰሜን፣ የበቆሎ እርሻ መካከል ነው። የሜዳው ኃላፊ ሊንዳ የምትባል ጠና ያለች ሴትዮ ናት፤ እሷ «ተኩስ» ስትል ይተኮሳል፣ «አቁም» ስትል ወፉም ያቆማል። ላይሰንስ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ ልተኩስ ተባለ። ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ጠመንጃው ዝም አለ፤ እኔ ግን ከወንበሬ ዘለልኩ። ጥይት አላጎረስኩትም ነበር። ሊንዳ «በሥራዬ ዘመን ካየሁት ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ተኩስ ይሄ ነው» አለች።

ግርማ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ፣ ቀኝ ዓይኑን መነጽሩ ላይ አደረገ። ሳይተኩስ ቆየ። ደነገጥኩና «ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም። እያየሁ ነው» አለ። «ወረቀቷ ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ሳይቀር አያታለሁ። ጫፏ ትንሽ ተቀዷል።»

ያን ቀን የተኮሳቸው አምስቱ ጥይቶች በአንድ ሳንቲም ሥር ይሸፈኑ ነበር። የእኔዎቹን ለመሸፈን ጋቢ ያስፈልጋል።

በጋውን እንዲህ አሳለፍነው። ይህ ስፖርት ዋናው ጠላቱ ነፋስ ነው፤ ያቺን ጥይት ትንሽ ሽውታ ይወስዳታል። ሌሎቹ ለነፋሱ ባንዲራ አላቸው፤ እኛ የሱፐርማርኬት ፌስታል ቀደን በዱላ ላይ አሰርን። ግርማ መነጽሩን ትቶ ወደ ፌስታሉ ቢያይ መልሶ ኢላማውን ማግኘት ስለሚያደክመው፣ ነፋሱን የማየው እኔ ነበርኩ። «ከግራ ነው... አሁንም ከግራ... ሞተ፣ አሁን!» እለዋለሁ፤ ይተኩሳል። ወደ ቤት ስንመለስ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። በካርቱም ጊዜ እንጂ ከዚያ ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም።

ቀስ በቀስ ግን ነገሮች መጡ። አንድ ቀን ጥይቱን ከሳጥኑ ሊያነሳ ብሎ ከሳጥኑ አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ ዳሰሰ። ሌላ ቀን ሊንዳ እጇን ስትዘረጋለት ሳይጨብጣት አለፈ፤ ኩራት መሰላት። ሁለታችንም ስለ ነፋስ ብቻ እናወራ ነበር።

መስከረም ላይ የክለቡ ውድድር ደረሰ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሽልማቱም ጽዋ ብቻ ነው። ግርማ ግን ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ሸሚዙን ተኮሰ። ከአጠገባችን የተቀመጠው ዕድሜው ሰማንያ የሚጠጋ ገበሬ ነው፤ ማቆሚያው ብቻ የእኔን መኪና ዋጋ ያወጣል። የእኛን ክሪክ አየና ቆብ አነሳልን።

ሊንዳ «ጀምሩ» አለች። እኔ ዓይኔን ፌስታሉ ላይ ተከልኩ። ግርማ መነጽሩ ላይ ተደፋ። አንገቱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ አደረገ። ጠመንጃውን ገፋ አደረገው። ብዙ ቆየ። ከዚያ «አገኘሁት» አለኝ በሹክሹክታ።

«ከቀኝ... ከቀኝ... ሞተ፣ አሁን!» አንድ። ሁለት። በሦስተኛው እጁ እንደ ድንጋይ ረግቶ ነበር። አምስተኛውን ሲጨርስ ወደ ኋላ ተደግፎ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። «እንደዛሬ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ተኩስ ቆመና ወደ ኢላማዎቹ ሄድን። የግርማ ወረቀት ባዶ ነው። ንጹሕ፣ ነጭ፣ እንደመጣ። ከአጠገቡ ያለው የገበሬው ወረቀት ላይ ግን አሥር ጥይት አለ፤ አምስቱ ወዲያና ወዲህ የተበተኑ፣ አምስቱ ደግሞ በአንድ ቀዳዳ የገቡ፣ ያቺ ቀዳዳ ከአንዲት ጥይት ብዙም የማትሰፋ። ገበሬው ለረጅም ጊዜ አያት። ሊንዳ ወረቀቶቹን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ «ሰር፣ በጣም ይቅርታ» አለች። በሌላ ሰው ኢላማ ላይ የተተኮሰ ዜሮ ነው።

ግርማ እጄን ያዘ። «እንዴት ናቸው?»

«አምስቱም በአንድ ቀዳዳ ነው የገቡት» አልኩት።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ዝም ያላችሁት?»

«ጎረቤት ላይ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ገበሬውም ሳቀ። የእኛ አለቀ፣ የእሱ ግን አላለቀም። ሳቁ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ ሳቅ መሆኑን አቆመ። ሊንዳ ሌሎቹን ሰዎች ወደ ጥላው ይዛልን ሄደች።

«የእኔን ፈለግሁት፣ ጠፋብኝ» አለኝ፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። «ዳር ዳሩ አለ፣ መሃሉ የለም። በቀኙም እንደ ግራው ሆነ። ላብ መሰለኝ። ገፋ ሳደርገው ጥግ ላይ አንድ ጥርት ያለ ነገር መጣልኝ፤ ተመስገን ብዬ ተኮስኩ።»

አብሮን የቀረው ገበሬ ጩቤ አወጣና ቀዳዳዋ ያለችበትን ቁራጭ ከወረቀቱ ላይ ቆርጦ ሰጠው። «የእኔ ኢላማ በዘመኑ እንዲህ ተመትቶ አያውቅም» አለው። ግርማ ወረቀቷን በጣቱ ዳሰሳት፤ ቀዳዳዋን ሲያገኝ ጣቱ ቆመ። ኪሱ ከተታት።

ስንመለስ መስኮቱን አላወረደም። በበቆሎው መካከል ጥቂት እንደነዳሁ «ቁም እስቲ» አለኝ። መንገድ ዳር ቆምኩ። ስልኩን አወጣና «ቤቲን ደውልልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ደውዬ መለስኩለት።

«ዳዲ! ሃው አር ዩ? የት ነህ?» ስትል ድምጿ እኔም ጋ ይሰማል።

ግርማ ስልኩን ከጆሮው አራቀና «የት ነን?» አለኝ።

ከፊት ለፊታችን የመንደሩ ስም የተጻፈበት አረንጓዴ ሳይን ቆሟል። ፊደሉ ክንድ ያክላል፤ በመኪናው መስታወት ሊገባ ምንም አልቀረውም። አነበብኩለት። እሱም ለልጁ ደገመላት። ከዚያ «ቤቲዬ» አላት፣ «ስሙ ፊት ለፊቴ ተጽፏል አሉ። ጋሼ ነው ያነበበልኝ። እኔ አላየሁትም ልጄ።»

እኔ ልወርድላቸው በሩን ስከፍት ግርማ ሳያይ ክንዴን ፈልጎ ያዘኝ፤ ዘጋሁት። ነርስ ናት፤ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀችው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛው ዓይን፣ ዶክተሯ ምን አለች። እሱ እንደ ተማሪ መለሰላት። በመጨረሻ ድምጿ ተሰበረና «ዳዲ፣ ዶንት ሙቭ። አይም ካሚንግ» አለች።

«መኪና አለን እኮ፣ ጋሼ ይነዳል...»

«መጣሁ አልኩህ!» አለችና ዘጋችው።

እንግዲህ አስቡት። ደህና መኪና አለን። ነዳጅ ሞልቷል። ጎማዎቹ አራቱም ደህና ናቸው። ኦሻዋ ደግሞ ሩቅ ነው።

«እየነዳን ብንጠጋትስ? መንገድ ላይ እንገናኛታለን» አልኩት።

«አትንቀሳቀስ ብላኛለች» አለኝ።

ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ቀበቷችንን እንዳሰርን፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በበቆሎ መካከል ቁጭ ብለን ጠበቅናት። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ከሩቅ የመኪና ድምፅ ይመጣል። ድምፁ በቀረበ ቁጥር ግርማ ቀና ይልና «እሷ ናት?» ይለኛል፤ እኔም አይቼ እነግረዋለሁ።